ቁርጥማቱ ለእናቴ፣ ድምፁ ለወንድሜ

ደሴ ላይ ጣት ቢያብጥ፣ ጉልበት ቢቆረጥም፣ ወገብ ቢይዝ ተጠያቂው ብርድ ነው። የእናቴ የሁለት እጇ ጣቶች ከሥራቸው ማበጥ ሲጀምሩም ሰፈሩ ሳይከራከር ተስማማ። "የጦሳ ንፋስ ነው፤ ኮምቦልቻ ውረጂና ሙቀት ያዢ፣ ይለቅሻል" አሏት። ወረደች፤ አክስቴ ቤት አንድ በጋ ከረመች። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ሐረጎን ቁልቁል ሲወርዱት ግን ጋቢው ከትከሻ ይነሳል። ሙቀቱን ወደደችው። እጇ ግን እዚያም አበጠ።

ሪህ ነው ያሉም ነበሩ። ሥጋ ከለከሏት። ስሙን በትክክል ያወቅነው ዘግይቶ፣ ደም ተመርምራ፣ ራጅ ተነስታ ነው፤ ሩማቶይድ አርትራይተስ። ሪህ ዩሪክ አሲድ በደም ውስጥ ሲበዛ የሚመጣ ሌላ በሽታ ነው። የእናቴ ከምትበላውም ከምትለብሰውም የመጣ አይደለም። ከበሽታ ሊጠብቃት የሚገባው የሰውነቷ መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያዋን ውስጠኛ ሽፋን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃዋል። ሽፋኑ ይቆጣል፣ ይወፍራል፣ እያደር አጥንቱን ይበላዋል። ሴቶችን ከወንዶች ሁለትና ሦስት እጥፍ ይይዛል፤ ግራና ቀኝ እኩል የመምታት ልማድም አለው።

ይህን በሽታ ማወቅ የፈለገ ሰው ጠዋት ላይ መጥቶ የእናቴን እጅ ይይ። ስትነሳ ጣቷ አይጨበጥም። የጀበናውን ጆሮ መያዝ ስለማትችል በጨርቅ ጠቅልላ በሁለት መዳፏ አንገቱን አቅፋ ነው የምታነሳው። የቀሚሷን ቁልፍ እኔ እቆልፍላታለሁ። አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ካለፈ በኋላ ነው እጇ የሚፈታታው፤ ከዚያ በኋላ የምታዩዋት ሴት ሌላ ናት፣ ሽሮ እያማሰለች ትስቃለች። ከሰዓት በኋላ የሚያያት ጎረቤት "ምን አለባት?" ቢል አልፈርድበትም።

ወንድሜን የያዘው ሌላ ነው፤ ስኪዞፍሬኒያ የሚባል የአዕምሮ ሕመም። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ እያለ ሁለት ሰዎች ስለ እሱ ሲያወሩ ይሰማው ጀመር። እሱን አይደለም የሚያናግሩት፤ እርስ በርሳቸው ስለ እሱ ነው የሚነጋገሩት፣ "አሁን ተነሳ፣ አሁን ጫማውን አደረገ" እያሉ። ቤት ሲመጣ ሬዲዮውን ከሶኬት ነቅሎ በነጠላ ጠቀለለው። እናቴ ጸበል ወሰደችው። አጎቴ፣ በአባቴ በኩል ያለው፣ ሼህ አምጥቶ አስቀራበት። ወሎ ነውና ሁለቱም ወገን ጸለየለት፤ ሁለቱም ከልባቸው ነበር። መድኃኒቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን በየወሩ መርፌ ይወጋል፤ ድምፆቹ ሙሉ በሙሉ ባይጠፉም ርቀዋል። ጸበሉንም ዱዓውንም የሚነቅፍ ቃል ከእኔ አይወጣም። የምለምነው መድኃኒት አስቁሙ እንዳይሉ ብቻ ነው።

ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ እናቴ ሳነብ ስለ ወንድሜ፣ ስለ ወንድሜ ሳነብ ስለ እናቴ እየመጣብኝ ነው ይህን ጉዳይ ያገኘሁት። ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው ሩማቶይድ አርትራይተስ እምብዛም አይይዘውም ይላሉ። ነገሩ አዲስ አይደለም። ኒሰንና ስፔንሰር የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1936 እ.ኤ.አ. (የጥናቶቹን ዓመት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በአዕምሮ ሕሙማን መካከል ሩማቶይድ ፈልገው ማጣታቸውን ጻፉ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ያንኑ ፈለገ። በ1999 ኦከንና ሹልዘር የተባሉ ተመራማሪዎች የተሠሩትን ጥናቶች ሰብስበው ሲያዩ፣ በስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን ዘንድ ሩማቶይድ በሌሎች የአዕምሮ ሕሙማን ላይ ከሚታየው ሲሶ ገደማ ሆኖ አገኙት።

ይህ ለምን እንደሚያስገርም ላስረዳ። ማጨስ ሩማቶይድን ከሚያመጡ ነገሮች አንዱ ነው። ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ከሌላው ሕዝብ በጣም አብዝተው ያጨሳሉ። ስለዚህ ሩማቶይዱ ሊበዛባቸው ነበር የሚገባው። ደግሞም ሰውነት ራሱን የሚያጠቃባቸው ሌሎች በርካታ በሽታዎች በእነሱ ላይ ሲበዙ ነው የሚታየው፤ ሩማቶይድ ግን ከመንጋው ተነጥሎ ወደ ኋላ ይሄዳል። መድኃኒቱ ይሆን የሚከላከልላቸው? ለአዕምሮ ሕመም የመጀመሪያው ዘመናዊ መድኃኒት ክሎርፕሮማዚን ሥራ ላይ የዋለው በ1950ዎቹ ነው፤ ኒሰንና ስፔንሰር ግን በ1936 ነው ያዩት። ስለዚህ መድኃኒቱ ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም።

የሚያሳምነኝ የዘረ-መሉ መንገድ ነው። ስድስተኛው ክሮሞዞማችን ላይ ኤችኤልኤ የሚባል ሰፈር አለ፤ የሰውነት መከላከያ "ይህ የኔ ነው፣ ይህ ባዕድ ነው" ብሎ የሚለይባቸው ዘረ-መሎች የተከማቹበት። ለሩማቶይድ ትልቁ የዘር ተጋላጭነት ከዚያ ነው የሚነሳው። ለስኪዞፍሬኒያም ከዘረ-መል ካርታው ላይ ጎልቶ የሚታየው ያው ሰፈር ነው። ዲአር4 የሚባለው ዓይነት በሩማቶይድ ሕሙማን ላይ በብዛት ይገኛል፤ በስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን ላይ ግን አንሶ ያገኙት ጥናቶች አሉ። በ2016 ደግሞ እዚያው ሰፈር ያለው ሲ4 የተባለ ዘረ-መል ሚና ተገለጠ። ከዚህ ዘረ-መል የሚሠራው ፕሮቲን መከላከያው "ይህን አስወግድ" ብሎ ምልክት የሚያደርግበት ነው። አንጎል ውስጥም ይሠራል፤ በጉርምስና ዘመን አንጎል የማይፈልጋቸውን የነርቭ መገናኛዎች ሲቀንስ ምልክት ከሚያደርጉት አንዱ እሱ እንደሆነ ይታሰባል። ሲ4ን አብዝቶ የሚያሠራ ዓይነት የወረሱ ሰዎች ለስኪዞፍሬኒያ ያላቸው ተጋላጭነት ከፍ ይላል። ወንድሜ የታመመበትን ዕድሜ ሳስብ፣ ያን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ ጅኒም ሆነ ዓይነ ጥላ የሚሉኝን ሰዎች በትዕግሥት ለማስረዳት ጉልበት አገኘሁ።

ይሁንና ልጠነቀቅ። በ2015 የሁለቱን በሽታዎች ዘረ-መል ጎን ለጎን ያስተያየ ጥናት አንዱን የሚያበዛው ሌላውን በጥቂቱ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ በጥቂቱ ነው ታዲያ። የታየውን ያን ሁሉ ልዩነት የሚሸፍን አይደለም። ቀሪው ከየት መጣ?

ከዴንማርክ የወጣ የ1999 ጥናት ላይ ነው ቆም ያልኩት። በሆስፒታል መዝገብ ላይ በስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን ዘንድ ሩማቶይድ አንሷል። ግን የወገብ ሕመምም አንሷል። በዕድሜና በሥራ ብዛት የሚመጣው ተራው የመገጣጠሚያ መበላትም አንሷል። ስኪዞፍሬኒያ ከሰው ወገብ ላይ ሕመምን የሚያነሳበት የዘረ-መል ምክንያት አይታየኝም። ይልቅ የሚታየኝ አለመነገሩ፣ አለመጠየቁና አለመጻፉ ነው። ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው ሕመም ሲደርስበት እንደ ሌላው እንደማያሰማ ሐኪሞች ድሮ፣ ከጀርመናዊው የአዕምሮ ሐኪም ከክሬፕሊን ጊዜ ጀምሮ ያውቁታል። የማይጮህ ሰው ካርዱ ላይ አይጻፍም፤ ካርዱ ላይ ያልተጻፈ ደግሞ ጥናት ውስጥ አይቆጠርም።

ይህን ከቤቴ አውቀዋለሁ።

ባለፈው ክረምት ማዕድ ላይ ተቀምጠን ወንድሜ በግራ እጁ ጎረሰ። ቤታችን ውስጥ በግራ እጅ መጉረስ ከሕፃንነት ጀምሮ በቁንጥጫ የተከለከለ ነገር ነው። እናቴ ልትቆጣው ብላ ቀና አለችና ቀኝ እጁን አየች። የእጁ አንጓ አብጦ የሹራቡን ጫፍ ወጥሮታል። ስትነካው ፊቱ አልተለወጠም፤ እጁን ግን ሳብ አደረገ። "የኔ ነው የተላለፈበት" አለች እናቴ፣ ምግቡን ትታ። ለራሷ የማታለቅስ ሴት ለእሱ አለቀሰች።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ቦታውን አልጠራም። ተረኛው ባለሙያ ካርዱን ገለጠ፣ የመድኃኒቱን ስም አየ፣ ቀና ብሎ እኔን ነው ያናገረኝ፤ "ጭንቀት ነው፣ መርፌውን ሳያቋርጥ ይውሰድ።" ወንድሜ ፊቱ ተቀምጦ እያለ። እጁን አልነካውም። እናቴ ያን የተጣመመ ጣቷን አንስታ "የኔ ወንድም፣ ካርዱን ተወውና እጁን እይልኝ" አለችው። አላየውም።

ሌላ ቦታ ሄድን። እዚያ ያገኘናት ሐኪም መጀመሪያ ስሙን ጠየቀችው። "የት ላይ ነው? ከመቼ ጀምሮ?" አለችው፤ መልሱ እስኪመጣ ዝም ብላ ጠበቀች። ወንድሜ ሲመልስ ጊዜ ይወስዳል። ከዚያ በጭቃው ወቅት ከቤታችን በላይ ባለው ቁልቁለት ላይ እንደወደቀ ነገራት። ለምን ዝም አልክ ስትለው "አትናገር አሉኝ" አለ። ማን እንዳለው አልጠየቀችም፤ ገብቷታል። ራጁ ሲመጣ ሩማቶይድ አልነበረም፣ ስብራት ነበር፤ ሳምንታት ያለፉት፣ ጠምሞ መግጠም የጀመረ። ጀሶ ታሰረለት።

ስለዚህ ጥናቱ በእሱ ላይ እውነት ሆኗል ልትሉ ትችላላችሁ፤ ሩማቶይድ አልያዘውም። ግን "እነሱን አይይዛቸውም" የሚለው ወሬ ለዚያች ሐኪም ቀድሞ ደርሷት እጁን ሳታይ እንድታልፍ ቢያደርጋት ኖሮ፣ ስብራቱም አይታይም ነበር። የሕዝብ ቁጥር ለሕዝብ ነው። አንድ ሰው እጁ አብጦ ፊታችሁ ሲቀመጥ፣ ጥናት ሲሶ ብሎ መቁጠሩ ያንን እጅ ከመንካት አያድንም። ደግሞ ሲሶ ማለት ባዶ አይደለም፤ ሁለቱም በሽታ ያለባቸው ሰዎች አሉ፣ ዝም ብለው የሚኖሩ።

በቡታጅራ አካባቢ ለዓመታት የተደረገው ክትትል ከባድ የአዕምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሰው ወደ 30 ዓመት ገደማ ቀድመው እንደሚሞቱ አሳይቷል። የሚገድላቸው በአብዛኛው ድምፁ አይደለም፤ ሌላውን ሰውም የሚገድለው ተላላፊ በሽታና የመሳሰለው ነው። ይህን ካነበብኩ ጀምሮ የወንድሜ ጥርስ፣ እግር፣ ሳል ሁሉ የኔ ጉዳይ ሆኗል።

አሁን ደግሞ በተቃራኒው የሆነውን ልንገራችሁ። እናቴ ገና ሳትመረመር፣ ብርድ እየተባለች በነበረ ጊዜ፣ አንዲት ወዳጇ ከገበያ ስም የሌለው ክኒን አመጣችላት። "ቁርጥማት ድራሹን ያጠፋል" ተብሎ የሚሸጥ። ድራሹን አጠፋውም። በሁለተኛው ቀን ጀበናውን በጆሮው አነሳች። ቤቱ ደስታ ሆነ። ጠዋት አንድ ስትውጥ የነበረች ጠዋትና ማታ፣ ከዚያም ሕመሙ ሲመለስ ደጋግማ ትውጥ ጀመር። ፊቷ ክብ ሆነ፣ ጉንጯ ቀላ። ጎረቤት "ወፈርሽ፣ ተስማማሽ" አላት። ከዚያ እንቅልፍ ጠፋ። ሌሊት ተነስታ ግቢ ትጠርጋለች፤ ስታወራ ቃሏ ይደራረባል። አንድ ቀን በሹክሹክታ የታችኛው ጎረቤታችን በአጥሩ ቀዳዳ እንደሚጠብቃት ነገረችኝ።

ሰፈሩ ምን እንዳለ መገመት አያቅታችሁም። "የልጇ ነገር ወደ እሷ ተሻገረ።" አንዲት ባልቴት ደግሞ ከልባቸው አዝነው "ልጄ፣ ሁለቱን አብራችሁ አታሳድሯቸው" አሉኝ።

ክኒኑን ይዤ ፒያሳ ወዳለ ፋርማሲ ሄድኩ። ፋርማሲስቱ በመዳፉ ላይ ገልበጥ አድርጎ አየውና ስንት እንደምትወስድ ጠየቀኝ። ስነግረው "ስቴሮይድ ነው የሚመስለው፤ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰጃት፣ ግን በድንገት እንዳታስቆሚያት" አለኝ። ይህን ምክር የሰጠኝን ሰው አልረሳውም። ፕሬድኒሶሎንና መሰሎቹ ስቴሮይዶች እሳት የሚያጠፉ ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው፤ ሐኪም ሲያዝ፣ በትንሽ መጠን፣ ለታወቀ ጊዜ። መጠኑ ሲወጣ ግን አዕምሮ ይነካሉ። በ1972 የወጣ የቦስተን ጥናት ሆስፒታል የተኙ ሕሙማንን ተከታትሎ፣ በቀን 40 ሚሊ ግራምና ከዚያ በታች ፕሬድኒሶን ከሚወስዱት 1.3 በመቶው ላይ፣ ከ80 ሚሊ ግራም በላይ ከሚወስዱት ግን 18.4 በመቶው ላይ የአዕምሮ መታወክ አይቷል። በድንገት ማቆም ደግሞ ሌላ አደጋ ነው፤ ሰውነት የራሱን መሥራት ትቶ ስለሚቆይ ሰውየው ሊወድቅ ይችላል። የእናቴን ሐኪሙ ቀስ በቀስ አወረደላት። እንቅልፏ ተመለሰ፤ የጎረቤቱ ነገር ከአፏ ጠፋ። ከእሷ ላይ የነበረው ስኪዞፍሬኒያ አልነበረም፤ በሽታም አልተሻገረም። ያንን ክኒን የሚሸጡ ሰዎች ዛሬም እንዳሉ አውቃለሁ፣ ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ዛሬ የምትወስደው ሜቶትሬክሴት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ። ይህንን በደማቅ ልጽፈው እወዳለሁ፤ በየቀኑ የሚወስደው ሰው ሊሞት ይችላል። እናቴ ረቡዕን መርጣለች፣ ጾም ስለሆነ አትረሳውም። ፎሊክ አሲድ ሐኪሙ ባዘዘላት ቀን ትጨምራለች፤ ጉበቷና ደሟ በየጊዜው ይታያል። ጣቷ የተጣመመው አልተቃናም። አዲስ ግን አልተጣመመም።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲገባ፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ፣ የሁለቱም መድኃኒት አንድ ላይ አለቀ። እናቴ ያን መንገድ በእግሯ ስለማትችለው አልሸሸንም። የወንድሜ መርፌ ሰውነት ውስጥ የሚቆይ ስለሆነ ትንሽ አቆየው፤ ከዚያ ድምፆቹ ተመለሱ፣ የእናቴም እጅ ተዘጋ። እሷ ጣቷን መዘርጋት ሳትችል በክንዷ አቅፋው ታድር ነበር። ስለዚያ ወር ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝን ልመልስ። የእናት ቁርጥማት የልጅን አዕምሮ አላሳመመም። ወንድሜ ሩማቶይድ እንዳይዘው ዋስትና የለውም፤ እናቴም ስኪዞፍሬኒያ በሩማቶይዷ ምክንያት አይመጣባትም። አንዱ በሽታ ለሌላው መድኃኒት አይደለም። በአንድ ቤተሰብ ሁለቱ መገኘታቸው እርግማን አይደለም፤ ሁለቱም ከመቶ ሰው አንድ ወይም ከዚያ ያነሰ የሚይዙ፣ በየትኛውም ቤት ሊገቡ የሚችሉ በሽታዎች ናቸው።

የሁለቱን ቀጠሮ በአንድ ሳምንት አድርገውልናል። ካርዶቹ ላይ አንዱን ነገር በራሴ ጥያቄ አስጽፌአለሁ፤ በወንድሜ ካርድ የመጀመሪያ ገጽ ላይ "ሕመም ቢኖርበት ራሱ ላይናገር ይችላል፤ ይመርመር" ተብሎ፣ በእናቴ ላይ ደግሞ "ስቴሮይድ አዕምሮዋን አውኮ ያውቃል" ተብሎ። ሐኪሞቹ ቅር አላላቸውም፤ እንዲያውም አንደኛዋ ለሌሎች ሕሙማኖቿም እንደምትጽፍ ነገረችኝ። እንዲህ ዓይነት ሰው ቤታችሁ ካለ እናንተም ጠይቁ። ለሚመጣው ቀጠሮ የጻፍኩት ይኸው ነው፤ ለእናቴ የጉበት ምርመራ፣ ለወንድሜ ክብደት፣ ስኳርና የጥርስ ሐኪም፣ ደግሞ ጀሶው ከተፈታ በኋላ አውራ ጣቱ ለምን እንደሚደነዝዝ።